የባና ድልድይ

በደብረ ብርሃን ላይኛው ሰፈር ሰው ሲነሣ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ጋኑን ያያል። ጋን የሚሉት የጠላውን አይደለም። በየቤቱ ጓዳ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ በጎኑ የመዳፍ ስፋት ያላት መስተዋት የተገጠመችለት የብረት በርሜል ነው። ቀን ጣሪያ ላይ የዋለች ፀሐይ የምታድረው እዚያ ውስጥ ነው። በፈሳሹ የሟሟው ፉለሪን፣ ካርቦን እንደ ጨርቅ ኳስ ተሰፍቶ የሠራው ያ ጥቁር ዱቄት፣ ኤሌክትሮን በጎረሰ ቁጥር መልኩን ይለውጣል። ባዶ ሲሆን ሐምራዊ ነው። አንድ ሲጎርስ ይጠይማል፤ ሁለት ሲጎርስ እንደ ብርቱካን ይቀላል፤ ሦስት ሲጎርስ የረጋ ደም ይመስላል። የሰፈሩ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ ይህን ያውቃሉ። ጎረቤት ጎረቤቱን «እንዴት አደራችሁ» ካለ በኋላ «ጋኑስ?» ይላል። «ደም መስሎ አደረ» ከተባለ ደግ ነው። «ቅራሪ ሆነ» ከተባለ ጠያቂው ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። ከመምጠጥ ሌላ የሚያደርገው የለም።

ጋን ገና ሲገባ እንዲህ አልነበረም። ያነሰበት ጀሪካን ይዞ ወደ ሞላለት ይሄዳል፤ «እሳት ልጭር ነው» ይላል፤ ይቀዳለታል። የቀደሙት ሰዎች ፍም በገል ይጫጫሩ እንደነበረው ማለት ነው። ጋኖቹን የተከለው ድርጅት ይህን አይቶ አልከለከለም፤ የተከለከለ ሰው እልህ ይይዘዋል። ይልቁንስ በአንዱ ክረምት «የደኅንነት ማሻሻያ» ብሎ የየረድፉን ማሟሚያ፣ ፉለሪኑ የሚሟሟበትን ፈሳሽ፣ ለየብቻ አደረገው። አንዱ ረድፍ ፒሪዲን ደረሰው፤ ቤቱ አሣ አሣ ይላል። ቀጣዩ ቤንዞናይትሪል ተሰጠው፤ የመራራ ለውዝ ጠረን አለው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቲነር ቲነር ይሸታል፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ አሣው ይደገማል። አንዱ ማሟሚያ ውስጥ ፉለሪን ሦስተኛውን ኤሌክትሮን እንደ ዋዛ ይጎርሳል፤ ሌላው ውስጥ ሁለተኛውን ለማጉረስም ጉልበት ይፈጃል። ስለዚህ የማንም ጋን ከማንም ጋን እኩል አይደለም። ሶኬቱም ያልተመዘገበለትን ዕቃ ስለማያበላ ከቤት ቤት ሽቦ መዘርጋት የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚታወቀው በጠረኑ ነው። ለሠርግ የሄደ እንግዳ የሙሽራዪቱን ዘመድ ሳይጠይቅ የየትኛው ረድፍ ልጅ እንደሆነች በሩ ላይ ያውቃል፤ አውቆም አፍንጫውን በነጠላ ይይዛል።

ውዳላት የለውዝ ረድፍ ሰው ናት። ሥራዋ ከጣሪያ ጣሪያ እየወጣች የፀሐይ ሰሌዳ መጥረግ ነው፤ የወፍ ኩሱን በአሴቶን፣ የሬንጅ ጠብታውን በቲነር። ከትምህርት ቤት ያስባረራት ምላሷ ነው ይላሉ። እሷ ደግሞ «ያባረርኩትስ እኔ ነኝ» ትላለች። ኬሚስትሪ ያነበበችው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማንም የማይከፍታቸውን የድሮ የትምህርት መጻሕፍት እየከፈተች፣ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው እያጋጨች ነው። ያነበበችውን ታውቃለች። ማወቋንም ታውቃለች። ጠላት የምታበዛባት ይህቺ ሁለተኛዋ ናት።

በረዶ ከወረደ በማግስቱ፣ ጠዋት፣ ጉም ሰፈሩን እንደ ጥጥ ጠቅጥቆት ሳለ፣ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጇ ሰማች። እትዬ አትጠገብ ነበሩ። ከግድግዳዋ ወዲያ፣ በአሣው ረድፍ የሚኖሩ፣ እንቁላል እያስፈለፈሉ ጫጩት በመሸጥ የሚተዳደሩ መበለት ናቸው። በእጃቸው ጀሪካን ይዘዋል።

«ይግቡ እትዬ። ምነው፣ ውሃ ጠፋ?»

«ውሃማ ሞልቷል። ከሰማይም ከምድርም።» አልተቀመጡም። «በረዶው ሰሌዳዬን እንዳልነበረ አድርጎት አደረ። ጋኑ ነጣ። ማስፈልፈያዋ እስከ ረፋድ ከሠራች ትልቅ ነገር ነው።»

«እንቁላሎቹስ?»

«ሊፈለፈሉ ደርሰዋል። ትናንት ጆሮዬን ባስጠጋ ውስጥ ውስጡን ሲንጫጩ ሰማኋቸው። አሁን ከቀዘቀዙ አለቁ። እነሱ ካለቁ እኔም ክረምቱን የምበላው የለኝ።» ጀሪካኑን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩት። «እንግዲህ አፌን አላስለመድኩትም ልጄ... እሳት ልጭር ብዬ ነው።»

ውዳላት ሳቀች። «የእርስዎ አሣ፣ የእኔ ለውዝ። የሚስማሙ ይመስልዎታል?»

«አንቺ ታነቢ የለ? ይስማማሉ ካልሽ ይስማማሉ።»

ይህቺን ባይሉ ኖሮ ምናልባት ታስብ ነበር። ግን አሉ። ሁለቱ ማሟሚያዎች እንደ ወተትና ውሃ እንደሚዋሐዱ በዓይኗ አንብባለች፤ ያነበበችው ደግሞ እውነት ነው። ከጋኗ ማያ አፍ፣ ተቆጣጣሪዎች ናሙና ከሚቀዱበት ቀዳዳ፣ ያንን የረጋ ደም የመሰለ ፈሳሽ አየር ሳታስነካ በቱቦ ጀሪካኑ ውስጥ ሞላች። ተያይዘው በአሣው ረድፍ ዞረው ገቡ። በእትዬ አትጠገብ ጋን ማያ አፍም አወረደችው።

መጀመሪያ ያምር ነበር። ሐምራዊው ውስጥ ቀይ ጭስ የመሰለ ነገር ተጥመለመለ። እትዬ አትጠገብ «እልል ልበል?» አሉ። ውዳላት «ይቆዩ፣ ይዋሐድ» አለች። ከዚያ ከመስተዋቷ ኋላ አመድ ይዘንብ ጀመር። ኤሌክትሮን የተጫነው ፉለሪን ጥቁር ጭቃ እየሆነ ወደ ታች ወረደ፤ ከላይ የቀረው ሐምራዊው ብቻ ነው፣ ባዶው፣ ከበፊቱ የነጣ። ማስፈልፈያዋ አንድ ጊዜ ተንተፈተፈችና ዝም አለች።

ውዳላት ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። እያንዳንዱ ማሟሚያ የመጣው ኤሌክትሮኑን ከሚያጅበው ከራሱ ጨው ጋር ነው። ማሟሚያዎቹ ይዋደዳሉ፤ ጨዎቹ ግን ሲገናኙ የተጫነውን ፉለሪን አንቀው ይዘውት ይሰምጣሉ። ድርጅቱ የተማመነው በጠረኑ አልነበረም፣ በጨው ነው። እሷ ስለ ማሟሚያው አንብባ ጨዉን ረስታለች።

«እንግዲህ የእግዜር ነገር ነው» አሉ እትዬ አትጠገብ፣ ማስፈልፈያዋን እየደባበሱ። «አንቺ ምን ታደርጊ።»

«የእግዜር አይደለም፣ የእኔ ነው። እግዜር ጨው አይረሳም።»

«ተይ እንዲህ አትበይ።»

«ይልቅ ባና አለዎት?»

ነበራቸው። የእናታቸው የመንዝ ባና፣ ከበግ ሱፍ የተሸመነ፣ ከክብደቱ የተነሣ ብርድም የሚፈራው። ማስፈልፈያዋ ከላይ እስከ ታች ተጀቦነች። እትዬ አትጠገብ እንደ ታቃፊ ዶሮ በላይዋ ተደፉ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሞሉትንም ሙቅ ውሃ ባናው ሥር አስገቡ። ይህ እስከ ከሰዓት ያቆያል። ከዚያ በኋላ አያቆይም። እንጨት እንዳያነዱ የጭስ ጠቋሚው ገና ክብሪት ሲጫር ይጮኻል። እንቁላሎቹን ወደ ውዳላት ቤት እንዳይወስዱ የእሷ ምድጃ ወጥ እንጂ ጫጩት አልተፈቀደለትም፤ ከተመዘገበለት ብረት ድስት ሌላ ሲቀመጥበት ይጠፋል።

ውዳላት የእትዬ አትጠገብ ጓዳ ውስጥ ቆማ ግድግዳውን አየችው። የእሳቸው ጋን ከዚህ ወገን ተደግፎታል። የእሷ ጋን ከዚያ ወገን። ድርጅቱ ቧንቧ ለመቆጠብ ሲል ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ነው የተከላቸው፤ በመካከላቸው ያለው አንዲት ብሎኬት ናት። ፍም የሚጭር ሰው ምድጃውን ተሸክሞ አይሄድም። ታዲያ እሷ ፈሳሹን ምን አስቀዳት? መሻገር ያለበት ኤሌክትሮኑ ነው፤ ማሟሚያው እቤቱ ይቀመጥ።

«እትዬ፣ ግድግዳዎን ልበሳው ነው።»

«ሰሌዳዬን በረዶ በሳው፣ ጋኑን አንቺ አጠቆርሽው። ግድግዳው ምን ቀረው? ብሺው።»

ሽቦው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ጋን የካርቦን ዘንግ ማጥለቅ፣ ሁለቱን በሽቦ ማገናኘት። በእሷ ጋን ታጭቆ የተጨናነቀው ኤሌክትሮን ባዶ ቦታ ወዳለበት በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ አሣ ይሽተት ለውዝ ግድ የለውም። ችግሩ ኤሌክትሮን ብቻውን አለመሄዱ ነው። ሙሽራ ያለ ሚዜ አይወጣም፤ በሽቦው ሲሻገር ጨው በሌላ መንገድ ካልተከተለው እደጁ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ለጨው ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል፤ ፈሳሹን የማያሳልፍ፣ ጨዉን የሚያሳልፍ፣ በሁለቱም ጋኖች የማይጠላ።

የሥራ ባልዲዋን አመጣች። የእትዬ አትጠገብን የሻይ ብርጭቆዎች ደረደረች። መጀመሪያ ቲነሩን ሞከረች፤ ፉለሪን ቲነር ይወዳል። ከጋኗ ጋር በትርፍ የተሰጣትን ጨው ብትጨምርበት ግን እንደ አሸዋ ሥሩ ቁጭ አለ፤ ጨው ያልሟሟበት መንገድ መንገድ አይደለም። ቀጥላ አሴቶኑን ሞከረች። ጨዉን ወዲያው ዋጠው። ከራሷ ጋን አንዲት ጠብታ ብትጥልበት ግን ያ የጠዋቱ ጥቁር አመድ ሲወርድ አየች።

«ይኼኛው ምን አለ?» አሉ እትዬ አትጠገብ ከባናው ላይ ሳይነሡ።

«አንዱ እንግዳ ይቀበላል ስንቅ አይቀበልም። ሌላው ስንቅ ይቀበላል እንግዳ አይቀበልም።»

«እንደ ምራቶቼ። ታዲያ አንድ ላይ አታኖሪያቸውም? እኔ የእኔዎቹን ያስቻልኳቸው አንድ ቤት አስገብቼ ነው።»

ውዳላት ሁለቱን ብርጭቆዎች አቀራረበቻቸው። ስለ ቅልቅል ማሟሚያ የሆነ ቦታ አንብባለች፤ ግን ያነበበችው በትልልቅ ቤተ ሙከራ፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ውስጥ ስለሚደረግ ነገር ነበርና ለሻይ ብርጭቆ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ቲነሩን አብዝታ አሴቶኑን ቀነሰች። ጨዉ አሸዋ ሆነ። አሴቶኑን አከለች። ጠብታዋ አመድ ጣለች። ደፋች፣ አጠበች፣ አደረቀች፤ ውሃ ለዚህ ነገር መርዝ ነውና ብርጭቆዋን በነጠላዋ ጫፍ ሽራፊ እስኪወጣው ድረስ ፈተገች። እንደገና ቀላቀለች። እንደገና ደፋች። እጇ በቲነሩ ነጥቶ ተሰነጣጠቀ። እትዬ አትጠገብ «ዕረፊ» ሲሏት «እንቁላሎቹ ካረፉ አርፋለሁ» አለች።

በመጨረሻ እኩል በእኩል፣ ከቲነሩ ትንሽ ብልጫ ባለው ቅልቅል ውስጥ ጨዉ ጠፍቶ ሟሟ፤ የጣለቻት ጠብታም ሳትጠቁር እንደ ጭስ ተበተነች። ውዳላት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። ለወትሮው «አላልኩም?» ትል ነበር፤ ዛሬ ወደ ባናው ዞረች።

«አሁን የባናዎን ክንድ ያህል ልቆርጥ ነው።»

እትዬ አትጠገብ ቀና አሉ። «የእናቴን ባና?»

«ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቲነሩ ይበላዋል። ሱፍ አይበላውም። የሁለቱ ጋን ጨዎች የሚገናኙት ሱፉ ውስጥ ነው፤ ጭቃ ካበጁም ጭቃው እዚያው ሱፉ ውስጥ ይቀራል፣ ጋን ውስጥ አይገባም።»

«ከዳሩ ነው ከመሃሉ?»

«ከፈለጉት።»

«ከመሃሉ ቁረጪ። ዳሩን እናቴ ናት የቋጨችው።»

ብሎኬቱን በሳችው። ከአሮጌ መብራት የነቀለችውን የመስተዋት ቱቦ በቀዳዳው አሳለፈች፤ በውስጡ በቅልቅሉ የራሰውን የባና ገመድ ጠቅጥቃ ከተተች፤ የገመዱን ሁለት ጫፎች በሁለቱ ጋኖች ማያ አፍ አጠለቀች፣ ከጎናቸውም ዘንጎቹን። አየር የገባበት ጋን ቀለሙ ይረግፋል። መድፈኛ ያስፈልጋል። ሰም ቲነሩ ያቀልጠዋል፤ ጭቃ ውሃ አለው። እትዬ አትጠገብ ቀድሞውኑ ያልዳበሩ ብለው ከለዩአቸው እንቁላሎች ነጩን ለይታ ከኖራ ጋር ለወሰችው፤ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ሙጫ ነው፣ የድሮ ግንበኞችም የድሮ ኬሚስቶችም ያውቁታል። እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ ሽቦውን ከሽቦው ጋር ጠመዘዘችው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። እትዬ አትጠገብ ጸሎት ይሁን እርግማን ያልለየ ነገር በአፋቸው ያመላልሳሉ። ውዳላት ፊቷን መስተዋቷ ላይ ለጥፋለች። የነጣው ሐምራዊ በዘንጉ ዙሪያ ጠየመ። ጠይሙ ሰፋ። ማስፈልፈያዋ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አንዴ ተንደቀደቀችና ማጉረምረም ጀመረች። እትዬ አትጠገብ ከባናው ላይ ተነሥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

በሌላው ወገን የውዳላት ጋን ከደም ወደ ብርቱካን ወርዶ ነበር። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ አይደለችም።

ተቆጣጣሪው ከሰዓት መጣ። ኪሩቤል ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ጃኬቱ የተተኮሰ፣ ብብቱ ሥር የድርጅቱን ስክሪን የያዘ። ውዳላት በሯን ስትከፍት ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ይህን ያደርጋል ብላ አልጠበቀችም።

«እርስዎ ውዳላት ነዎት? ጋንዎ በፍጥነት እያነሰ ነው። ሶኬትዎ ግን ምንም አላበላም። ፈሷል ማለት ነው።»

«አልፈሰሰም። ተሻገረ።»

ወደ ጓዳው አልፎ ቱቦውን፣ ሽቦውን፣ የደረቀውን የኖራ ሙጫ አየ። ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። ተንበርክኮ ጣቱን ሙጫው ላይ አሳረፈ፤ ጣቱንም አሸተተው። በቀዳዳው በኩል የእትዬ አትጠገብ ድምፅ «ማነው የመጣው?» አለ።

«መልአከ ሞት አይደለም፣ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሥራዎን ይሥሩ» አለች ውዳላት።

ኪሩቤል ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። «ይህ ያልተፈቀደ ግንኙነት ነው። አሁን በገዛ እጅዎ ከነቀሉት ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ካልነቀሉ ሶኬትዎን እስከ መስከረም አሽጋለሁ። መንቀሉን የጥገና ክፍል ነገ መጥቶ ያደርገዋል፤ ያኔም ቢሆን እሽጉ አይነሣም።»

«ነገ?»

«ነገ ወይ ከነገ ወዲያ። የሚያሽገውና የሚነቅለው ክፍል የተለያየ ነው።»

«እነሱ እስኪመጡ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ይጨርሳሉ» አለች፤ ለራሷ ነበር። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «እንግዲያው ለጥፍ።»

«አላወቁም መሰለኝ። ክረምቱን በሙሉ ነው። መብራት የለም፣ ምድጃ የለም።»

«ክረምት ምን እንደሆነ ለደብረ ብርሃን ልጅ ታስረዳለህ? ለጥፍ ወንድሜ፣ እጅህ ይፍጠን።»

በቀዳዳው በኩል የእትዬ አትጠገብ ድምፅ መጣ። «ተይ ልጄ። ስለ ዶሮ ብለሽ? ንቀዪው። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«እትዬ፣ ጮክ አይበሉ። እንቁላሎቹን ያስደነግጣሉ።»

ኪሩቤል ቀዩን እሽግ አውጥቶ ሶኬቱ ላይ ለጠፈው። ሥራው ነው። መብራቱ ጠፋ። ምድጃው አንዴ ጠቅ አለ። ጓዳው ውስጥ ከደጅ በሚገባው ጭላንጭል የሚታየው በጋኑ መስተዋት በኩል ያለው ብርቱካንማ ቀለም ብቻ ነበር፤ እሱም እየደበዘዘ፣ ወደዚያኛው ወገን እየሄደ።

ከግድግዳው ወዲያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጲው አለ፤ ቆመ፤ እንደገና ጲው አለ። ከዚያ የሌላ። ከዚያ እትዬ አትጠገብ ቃል የሌለው ሳቅ ሳቁ፤ ያለቀሱም ይመስላል።

ኪሩቤል በሩ ድረስ ሄዶ ጫማውን አደረገ። አልወጣም። ማሰሪያውን አስሮ ፈታው፤ እንደገና አሰረው።

«ቱቦው ውስጥ ያለው ማሟሚያ ምንድን ነው?» አለ ቀና ሳይል።

«ለሪፖርቱ ነው?»

ስክሪኑ ጠፍቶ ብብቱ ሥር ነው። ውዳላት ቀረብ ስትል ከተተኮሰው ጃኬት ሥር ሳሙና ያላሸነፈው ጠረን አሸተተች፤ ቲነር።

«ግድግዳህ ከማን ጋር ነው?»

«ከእህቴ ጋር። አንድ ግቢ ነበርን። የረድፉ መስመር ሲሰመር እኔ ቲነር ደረሰኝ፣ እሷ አሣ።» ወደ ጓዳው ዞሮ አየ። «ሕፃን አላት። ጉም ሲበዛ በእኛ በኩል በርቶ በእሷ በኩል ይጨልማል። በግድግዳው እንሰማዋለን፣ ሲያለቅስ።»

«አንተ ግን መጥተህ እኔን አሸግህ።»

«አሸግኩሽ» አለ። እርስዎ ማለቱን ትቶታል።

ውዳላት አየችው። ልትሰድበው ቃሉ በአፏ ተደርድሮ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ፣ አንዱ ከአንዱ የሚበልጥ። ዋጠችው። ሥራ አለ።

«ስማ። ከጨው ነው የምትጀምረው፤ እኔ ጨው ረስቼ ነው የሴትየዋን ጋን ያጠቆርኩት። ፈሳሽ ከፈሳሽ እንዳታገናኝ። ገባህ? ስክሪኑን ተወው፣ እሱ ለጌቶችህ ይነግራል። በጭንቅላትህ ያዝ። ቲነርና አሴቶን እኩል በእኩል፣ ቲነሩ ትንሽ ይብለጥ። ጨው እስኪጠፋ። ሱፍ እንጂ ሰው ሠራሽ ጨርቅ አይሆንም። መድፈኛው የእንቁላል ነጭና ኖራ ነው፤ ሳይደርቅ ሽቦ አታገናኝ። በል ድገመው።»

ደገመው። አሴቶኑን አብልጦ ተናገረ።

«ጭቃ አደረግኸው። የእህትህ ልጅ ጨለማ ውስጥ ቀረ። ከመጀመሪያው።»

ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ ጫማው ተፈትቶ፣ እንደ ቄስ ተማሪ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ጨዉን፣ ቲነሩን፣ አሴቶኑን፣ ሱፉን፣ ነጩንና ኖራውን። ውዳላት በጨለማው ውስጥ እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሳይሳሳት ሲጨርስ በሩን ከፈተችለት።